ኢብኑ ሻጢር፦ የደማስቆው ሰዓት ጠባቂና የፕላኔቶች መንገድ

ስልካችን ላይ የሰላት ወቅት የሚያሳየውን አፕሊኬሽን ስንከፍት የምናየው ቁጥር ብቻ ነው። ፈጅር በዚህ ሰዓት፣ ዙህር በዚህ ሰዓት፣ ዐስር በዚህ ሰዓት። ከቁጥሮቹ ጀርባ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ፀሐይንና ጥላን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን ሲከታተሉ የኖሩ ሊቃውንት ልፋት አለ። ከእነዚህ አንዱ የደማስቆው ዐላኡዲን ዐሊይ ኢብኑ ኢብራሂም ናቸው። ታሪክ የሚያውቃቸው ኢብኑ ሻጢር በሚለው ስም ነው። በሙያቸው የመስጂድ ሰዓት ጠባቂ ነበሩ። የፕላኔቶችን መንገድ ያሰሉበት ዘዴ ደግሞ በዓለም የሥነ ፈለክ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዟል።

የእኚህን ሰው ሕይወት ዛሬ ማንሳት ያስፈለገው ለመኩራራት ብቻ አይደለም። በዚህ ዘመን ስለ ሰማይና ስለ ቁጥር የሚነገሩ ብዙ ማራኪ ወሬዎች በእጃችን ይገባሉ። እውነቱን ከማራኪው ለመለየት የኢብኑ ሻጢር አካሄድ ጥሩ መለኪያ ይሆነናል።

የቲሙ ልጅና የእጅ ሙያው

ኢብኑ ሻጢር የተወለዱት በደማስቆ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1305 አካባቢ ነው። ሻምና ግብጽ በዚያ ጊዜ በመምሉኮች አገዛዝ ሥር ነበሩ። አባታቸው የሞቱባቸው ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ሲሆን ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። በልጅነታቸው የተማሩት የእጅ ሙያ የዝሆን ጥርስን በስሱ እየቆረጡ እንጨት ውስጥ በመክተት ማስጌጥ ነበር።

ይህ ሙያ ዐይንና እጅን ያሠለጥናል። ቁራጩ በፀጉር ያህል ከበለጠ አይገባም፣ ካነሰም ክፍተቱ ይታያል። በኋላ ዘመናቸው የሠሯቸውን የሥነ ፈለክ መሣሪያዎች ያየ ሰው ይህ የልጅነት ሙያ ከንቱ እንዳልቀረ ይረዳል።

ገና በልጅነታቸው ወደ ካይሮና ወደ እስክንድርያ ተጉዘው ሒሳብና ሥነ ፈለክ ተማሩ። ከዚያም ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። ያ ዘመን ደማስቆ በዑለማእ የተሞላችበት ነበር። ሐፊዙ ዘሀቢ፣ ኢብኑል ቀይም እና ሙፈሲሩ ኢብኑ ከሲር በዚያች ከተማ ሲያስተምሩና ሲጽፉ የነበሩት በእርሳቸው ዕድሜ ነው። ዛሬ በየመድረሳው ኪታቦቻቸው የሚቀሩት እነዚያ ዑለማእ ሲሰግዱ የኖሩት በሙወቂቶች በተሰላ ወቅት ነበር።

የኡመያ መስጂድ ሙወቂት

ሙወቂት ማለት የሰላትን ወቅት በስሌትና በምልከታ የሚወስን ባለሙያ ነው። ይህ የሥራ ቦታ በትላልቅ መስጂዶች ጎልቶ የታየው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በመምሉኮች ግዛት ነው። ከዚያ በፊት ወቅትን የመለየት ኃላፊነት በአብዛኛው የሙአዚኑ ነበር። ኢብኑ ሻጢር በኸሊፋው ወሊድ ዘመን በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተገነባው በታላቁ የኡመያ መስጂድ ዋና ሙወቂት ሆኑ።

ሥራው ቀላል አይደለም። የዙህር ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከመካከለኛው የሰማይ መስመር ዘንበል ስትል ነው። ዐስር በብዙኃኑ ፉቀሃእ ዘንድ የሚገባው በቀትር የነበረውን ጥላ ሳንቆጥር የአንድ ነገር ጥላ የራሱን ቁመት ሲያክል ነው። መግሪብ በፀሐይ መጥለቅ ይታወቃል። ዒሻእና ፈጅር ደግሞ ፀሐይ ከአድማስ በታች በምትሆንበት ሰዓት በሚታየው ወጋገን ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ይለዋወጣሉ፤ ከአገር አገርም ይለያያሉ። ለደማስቆ የተሠራ የፀሐይ ሰዓት ለአዲስ አበባ አያገለግልም። ደማስቆ ከምድር ወገብ በሰሜን ወደ 33.5 ዲግሪ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። በደማስቆ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በአዲስ አበባ ግን በዓመቱ ውስጥ ወደ ደቡብ የሚወድቅባቸው ወራት አሉ።

ኢብኑ ሻጢር በዚህ ሥራ ብቻቸውን አልነበሩም። በዚያው መስጂድ ያገለገሉት ሸምሱዲን አል-ኸሊሊ ለደማስቆ የሰላት ወቅት ሰንጠረዦች አዘጋጅተዋል። ወደ 3000 የሚጠጉ ቁጥሮችን የያዘና ለተለያዩ አገሮች የቂብላን አቅጣጫ የሚያሳይ ሰንጠረዥም ሠርተዋል። ካልኩሌተር በሌለበት ዘመን እያንዳንዱ ቁጥር በእጅ የተሰላ ነው።

ታሪክ ጸሐፊው ሰፈዲ እ.ኤ.አ. በ1343 ኢብኑ ሻጢርን በቤታቸው ጎብኝተው ነበር። በዚያም ከግድግዳ ጋር የተያያዘ፣ ቅስት የሚመስል፣ የክንድ ሦስት አራተኛ ያህል የሚሆን መሣሪያ አይተዋል። የመሣሪያው ክፍል በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞር ነበር፤ ሰዓታትንም ያሳያል። የዝሆን ጥርስ ሲከትት ያደገው ልጅ አሁን የሰማይን ዙረት በግድግዳው ላይ ሰቅሏል።

ለ1200 ዓመታት የቆየው ሥርዓት

በዚያ ዘመን የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ለማስላት የሚያገለግለው ዋና መጽሐፍ ግሪካዊው ፕቶለሚ እ.ኤ.አ. በ150 አካባቢ የጻፈው አል-መጂስጢ ነበር። በፕቶለሚ ሥርዓት ምድር በመሀል ናት። ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች በዙሪያዋ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ፕላኔት በትንሽ ክብ ላይ ይዞራል፤ የትንሿ ክብ መሀል ደግሞ በትልቅ ክብ ላይ ይጓዛል። ማርስ አንዳንዴ ቆም ብላ ወደ ኋላ የምትመለስ መስላ የምትታይበትን ምክንያት ይህ የክብ በክብ አሠራር ያብራራ ነበር።

ይሁን እንጂ ችግር ነበረበት። ፕቶለሚ ስሌቱ ከሰማዩ ጋር እንዲገጥምለት ሲል የክቡ እንቅስቃሴ እኩል ሆኖ የሚታየው ከራሱ መሀል ሳይሆን ከሌላ ነጥብ ሲታይ ነው የሚል ሐሳብ አስገባ። ይህ ደግሞ ራሱ ከተቀበለው መሠረት፣ ማለትም የሰማይ አካላት በመሀላቸው ዙሪያ በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ ከሚለው ጋር ይጋጫል።

ይህን ጉድለት በግልጽ ካነሱት አንዱ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ኢብኑል ሀይሰም ናቸው። በፕቶለሚ ላይ ያሏቸውን ጥርጣሬዎች በአንድ ኪታብ ሰብስበው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1259 በፋርስ ምድር በመራጋ የተመሠረተው የሥነ ፈለክ መመልከቻ ደግሞ ለጥያቄው መልስ የሚፈለግበት ማዕከል ሆነ። በዚያ ነሲሩዲን ጡሲ፣ ሙአየዱዲን ዑርዲ እና ቁጥቡዲን ሺራዚ አዳዲስ የስሌት መንገዶችን አቀረቡ። ጡሲ ሁለት ክቦችን አንዱን በሌላው ውስጥ በማዞር ቀጥተኛ እንቅስቃሴ ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ።

ጨረቃ ለምን እጥፍ ሆና አትታይም?

ኢብኑ ሻጢር የጀመሩት ከእነዚህ ሊቃውንት በተረከቡት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው የስሌት ሰንጠረዣቸው የፕቶለሚን መንገድ የተከተለ ነበር። ቀጥሎ ምልከታዎቻቸውን የሚያብራራ ኪታብ ጻፉ፤ ይህ ኪታብ ዛሬ ጠፍቷል። ከዚያም ኒሃየቱ ሱእል በተሰኘው ኪታባቸው የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ በአዲስ መልክ አዋቀሩ። በኋላም በዚያ መሠረት አዲስ ሰንጠረዥ አዘጋጁ።

የሥራቸውን መንፈስ ለመረዳት የጨረቃን ጉዳይ ማየት ይበቃል። የፕቶለሚ ስሌት ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትገኝበትን አቅጣጫ በጥሩ ሁኔታ ይተነብያል። ርቀቷን በተመለከተ ግን እንግዳ ነገር ይላል። እንደ ስሌቱ ከሆነ ጨረቃ ከምድር ያላት ርቀት ከ64 የምድር ሬዲየስ ተነሥቶ እስከ 34 አካባቢ ይወርዳል። ይህ እውነት ቢሆን ጨረቃ በወሩ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ከሌላው ጊዜ እጥፍ ያህል ሰፍታ በታየችን ነበር። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ረመዳንን ለመቀበል አድማስ ላይ ዐይኑን የተከለ፣ ከዚያም እስከ ወሩ አጋማሽ ጨረቃዋን የተከታተለ ማንኛውም ሙስሊም እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ያውቃል።

ስሌቱ በአቅጣጫ ከሠራ ይበቃል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ብዙዎችም ለብዙ መቶ ዓመታት አልፈውታል። ኢብኑ ሻጢር ግን አላለፉም። በጨረቃ ትንሽ ክብ ላይ ሌላ ትንሽ ክብ ጨምረው፣ አቅጣጫዋ ሳይበላሽ ርቀቷ ዐይን ከሚያየው ጋር የሚቀራረብበትን መንገድ አገኙ። የፀሐይን ስሌት ሲያስተካክሉም የፀሐይ ስፋት በዓመቱ ውስጥ በጥቂቱ እንደሚለዋወጥ ከምልከታ ያገኙትን ግምት ውስጥ አስገብተዋል። በፕላኔቶቹም ላይ ፕቶለሚ ያስገባውን ያንን ባዕድ ነጥብ አስወግደው ሁሉንም በእኩል ፍጥነት በሚዞሩ ክቦች ገለጹ።

የመነሻ ጥያቄያቸው ስሌቱ ያምራል ወይ የሚል ብቻ አልነበረም። ዐይን ከሚያየው ጋር ይገጥማል ወይ የሚልም ነበር።

ከሚናራው ላይ ያለው ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ1371 ወይም በ773 ዓመተ ሂጅራ ኢብኑ ሻጢር ለኡመያ መስጂድ ሚናራ ታላቅ የፀሐይ ሰዓት ሠሩ። ርዝመቱ ወደ 2 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 1 ሜትር የሚሆን የእብነ በረድ ሰሌዳ ነው። ጥላ የምትጥለውን ዘንግ ከምድር የመዞሪያ ዘንግ ጋር ትይዩ አድርገው ስላቆሙት፣ ሰዓቱ ክረምት ከበጋ እኩል ርዝመት ያላቸውን ሰዓታት ያሳያል። በዚህ መልክ ከተሠሩትና እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የፀሐይ ሰዓቶች ቀዳሚው ይህ ነው። በሰሌዳው ላይ ከተቀረጹት መስመሮች ሙአዚኑ ፀሐይ ከወጣች ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ፣ እስክትጠልቅም ምን ያህል እንደቀረ ያነባል። ዐስር የሚገባበትን ጊዜም ያውቃል።

የዋናው ሰሌዳ ስብርባሪ በደማስቆ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመስጂዱ ሙወቂት የነበሩት ጠንጣዊ ትክክለኛ ቅጂውን ሠርተው በቦታው ተክተውታል። ከዚህ ሌላ ኢብኑ ሻጢር እ.ኤ.አ. በ1366 የሠሩት፣ ኮምፓስና የፀሐይ ሰዓት በአንድ ላይ የያዘ ትንሽ ሣጥን አለ። ሰንዱቁል የዋቂት ይባላል። መንገደኛ የሰላት ወቅትንና የቂብላን አቅጣጫ እንዲያውቅበት የተሠራ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ወቅትንና ቂብላን የሚነግር መሣሪያ ከስልኩ 600 ዓመታት በፊት ነበር ማለት ነው።

ኢብኑ ሻጢር በ777 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1375 አካባቢ በሰባ ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው በደማስቆ ሞቱ። አላህ ይዘንላቸው።

ከደማስቆ እስከ ኮፐርኒከስ

ኢብኑ ሻጢር ከሞቱ ወደ 100 ዓመት ገደማ ቆይቶ በፖላንድ ምድር ኒኮላስ ኮፐርኒከስ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1543 በታተመው መጽሐፉ ፀሐይን በመሀል አድርጎ ምድርን ከፕላኔቶች አንዷ አደረጋት። በ1950ዎቹ የኢብኑ ሻጢርን የእጅ ጽሑፍ የመረመሩ የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪዎች አስደናቂ ነገር አገኙ። የኮፐርኒከስ የጨረቃ ስሌት በመሠረቱ የኢብኑ ሻጢር ሆኖ ተገኘ። በሌሎቹ ፕላኔቶች ስሌት ውስጥም የኢብኑ ሻጢርና የመራጋ ሊቃውንት መንገዶች ይታያሉ።

እውቀቱ እንዴት ወደ አውሮፓ እንደደረሰ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። የኒሃየቱ ሱእል የላቲን ትርጉም እስካሁን አልተገኘም። በሌላ በኩል የጡሲ ሁለት ክቦች በቫቲካን በሚገኝ የግሪክኛ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ተገኝተዋል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። አንዳንድ ወገኖች ኢብኑ ሻጢር ምድር ፀሐይን እንደምትዞር ከኮፐርኒከስ በፊት ተናግረዋል ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። በእርሳቸው ሥርዓት ምድር በመሀል ናት። የኢብኑ ሻጢር ክብር ያልሠሩት ነገር ሳይጨመርበትም ምሉእ ነው።

ወርቃማው ምጣኔና የዘመናችን ወሬ

ከኢብኑ ሻጢር ሕይወት ለዛሬው ሙስሊም የሚወጣው ትምህርት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ወርቃማው ምጣኔ የሚባል ቁጥር አለ፤ ወደ 1.618 ይጠጋል። አንድን መስመር ለሁለት ስንከፍል፣ ሙሉው ለትልቁ ክፍል ያለው ምጣኔ ትልቁ ለትንሹ ካለው ምጣኔ ጋር እኩል ከሆነ የሚገኘው ይህ ቁጥር ነው። ግሪካዊው ኡክሊድስ ጽፎበታል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የኖሩት ግብጻዊው የሒሳብ ሊቅ አቡ ካሚልም ከዚህ ምጣኔ ጋር የተሳሰሩትን የአምስት ጎንና የአሥር ጎን ቅርጾች ስሌት በአልጀብራ ሠርተዋል። በሒሳብ ውስጥ እውነተኛ ቦታ ያለው ቁጥር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ በሁሉም ቦታ አለ ሲባል ነው። በተለይ ፕላኔቶች ሁሉ በወርቃማው ምጣኔ ይዞራሉ የሚል ወሬ ይዘዋወራል። እስቲ በኢብኑ ሻጢር መንገድ እንመርምረው። ቬነስ፣ ዐረቦች ዙህራ የሚሏት፣ ፀሐይን በ224.7 ቀናት ትዞራለች፤ ምድር በ365.25 ቀናት። ምጣኔው ወደ 1.626 ነው፤ በእርግጥ ለ1.618 ይቀርባል። ምድር 8 ጊዜ ስትዞር ቬነስ 13 ጊዜ ገደማ ትዞራለች። በዚህ ምክንያት በየ8 ዓመቱ ቬነስ ወደ ቀድሞ የሰማይ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ከምድር ጋር የምትገናኝባቸው አምስት ነጥቦችም ውብ ባለ አምስት ጫፍ ቅርጽ ይሠራሉ። የጥንት ባቢሎናውያን እንኳ ይህን ዑደት ያውቁ ነበር።

ግን ወደ ሌሎቹ ስንሄድ ነገሩ ይለወጣል። የማርስና የምድር ምጣኔ 1.88 ነው። የቬነስና የሜርኩሪ 2.55፣ የሳተርንና የጁፒተር ደግሞ 2.48 ነው። ጁፒተርን ከማርስ ጋር ብናወዳድር ከ6 በላይ እናገኛለን። አንዱ ቀረበ ማለት ሁሉም በዚያ ሕግ ይሄዳሉ ማለት አይደለም። የገጠመውን ብቻ ይዞ ያልገጠመውን መደበቅ ምርምር አይባልም።

ጀርመናዊው ኬፕለርም በወጣትነቱ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1596 የፕላኔቶችን ርቀት በአምስቱ ፍጹም የጂኦሜትሪ ቅርጾች ለመግለጽ ሞከረ፤ ከቅርጾቹ ሁለቱ ከወርቃማው ምጣኔ ጋር በቀጥታ የተሳሰሩ ናቸው። ሐሳቡ ውብ ቢሆንም ሰማዩ አልተስማማለትም። እውነተኛው ግኝቱ የመጣው የማርስ ስሌቱ ከምልከታው ጋር ከአንድ ዲግሪ ሰባተኛ በማይበልጥ ልዩነት ሳይገጥም ሲቀር፣ ምልከታውን አምኖ የክብን ምህዋር በተወ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1609 ምህዋሩ ሞላላ መሆኑን አሳተመ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበን በሙስሊሞች መካከል የሚሠራጨው ወሬ ነው። መካ የምድር ወርቃማ ነጥብ ናት፤ ከሰሜን ዋልታና ከደቡብ ዋልታ ያላት ርቀት ልክ 1.618 ይሰጣል ይባላል። መምህር በነበርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎች ይህን እንደ ኢማን ማስረጃ ሲያቀርቡት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። ካዕባ በሰሜን 21.42 ዲግሪ ላይ ነው። ከደቡብ ዋልታ 111.42፣ ከሰሜን ዋልታ 68.58 ዲግሪ ይርቃል። ሲካፈል 1.625 ይሆናል። ወርቃማው መስመር በዚህ ስሌት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ ያልፋል። ምድር በዋልታዎቿ ጥቂት ጠፍጠፍ ማለቷን ብንጨምር ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ደግሞም ይህ ነጥብ ሳይሆን ምድርን የሚዞር ሙሉ መስመር ነው። በባሕርና በበረሃ ያልፋል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የሃዋይ ከተማ ሆኖሉሉ ከመካ ይልቅ ለዚህ መስመር ትቀርባለች።

የካዕባ ክብር ከቁጥር አልመጣም። ቂብላ የሆነው በአላህ ትእዛዝ ነው። ልዩነቱ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ወይም ዜሮ ቢሆን በሙእሚን ልብ ውስጥ የሚቀንስም የሚጨምርም ነገር የለም። አደጋው ሌላ ነው። አንድ ወጣት ኢማኑን በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ካቆመ፣ ነገ ካልኩሌተር የያዘ ሰው ቁጥሩን ሲያፈርስበት ኢማኑም አብሮ የሚፈርስ ይመስለዋል። ያ ልጅ የተጎዳው በጠላት ሳይሆን ሳያጣራ ባካፈለው ወዳጁ ነው። የሰሙትን ሁሉ ማውራት ደግሞ ዲናችን ያስጠነቀቀን ነገር ነው።

አማና የሆነ ቁጥር

ኢብኑ ሻጢር የሠሩበትን ቦታ እናስብ። አንድ ቁጥር ቢሳሳቱ በከተማው ያለ ሕዝብ ሰላቱን ያለ ወቅቱ ይሰግዳል። ጿሚው በስህተት ቀድሞ ያፈጥራል። ለእርሳቸው ቁጥር የማስደነቂያ ሳይሆን የአማና ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ለ1200 ዓመታት የተከበረውን የፕቶለሚን መጽሐፍ እንኳ በምልከታ መዘኑት። ከጥንት ስለመጣ አልጣሉትም፤ ስለተከበረም ዝም ብለው አልተቀበሉትም።

የኢስላምን የዕውቀት ቅርስ የምናከብረው የሊቃውንቱን ስም በመደርደር ብቻ ሊሆን አይገባም። አካሄዳቸውን በመከተልም ጭምር ነው። ዛሬ ስለ ሰማይ፣ ስለ ቁጥርና ስለ ተአምር የሚነገር ነገር ሲደርሰን ከማካፈላችን በፊት እንለካው። ልጆቻችንንም ሒሳብና ሥነ ፈለክ ከቁርኣን ትምህርታቸው ጎን እናስተምራቸው። የኡመያ መስጂድ ሚናራ ላይ ሰሌዳ የቀረጹት እጆች ሁለቱን ለይተው አላዩአቸውም።

አላህ ኢብኑ ሻጢርን ይማራቸው፣ ዕውቀታቸውንም ሰደቀቱን ጃሪያ ያድርግላቸው። ወላሁ አዕለም።